ለግድግዳ፣ ለካላንደር፣ ለብሮሹር፦ የሰሜን ሸዋ የተፈጥሮ ፎቶ ስንመርጥ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አዲስ ካፌ ወይም ፔንሲዮን ሲከፈት ግድግዳው ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው በረዶ የለበሰ የአውሮፓ ተራራ ነው። ካልሆነም የየት አገር እንደሆነ የማይታወቅ ፏፏቴ። ገደላማው ጣርማ በር በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሣራማው የመንዝ ጓሳ ደጋም እዚሁ ዞን ውስጥ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ገደሉ፣ ጉሙ ደጃችን ላይ ሆኖ ፎቶውን ከኢንተርኔት እናወርዳለን።

ደግነቱ ነገሩ እየተቀየረ ነው። ሎጅ የሚከፍተው፣ ካላንደር የሚያሳትመው መሥሪያ ቤት፣ ሳሎኑን የሚያሳምረው ሰው የአገሩን ፎቶ መጠየቅ ጀምሯል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቶ አንሺው በቴሌግራም አርባ ፎቶ ይልካል። ሁሉም ያምራል። አንዱ ላይ ጭላዳ ጥርሱን አግጥጧል፣ አንዱ ጉም ብቻ ነው፣ አንዱ ውርጭ የያዘው ቅጠል ነው። ዋጋቸውም ይለያያል። ምረጥ ሲባል ሰው ግራ ይገባዋል፤ መጨረሻ ላይ ቀለሙ የደመቀውን ይወስዳል።

ለዚህ ነው ይህን ንጽጽር የጻፍኩት። የካሜራ ማርካም የፎቶ አንሺ ስምም አታገኙበትም። መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ፤ ከዚያ በገበያው ላይ የሚቀርቡትን አምስት ዓይነት ፎቶዎች በየተራ እንያቸው።

በምን እንለካው?

ሰው ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደንቀው ጥራቱን ነው። "ኧረ ጸጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል!" ይላል። ዛሬ ጥራት ብርቅ አይደለም። መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ እንኳ በቀን ብርሃን ጥርት ያለ ፎቶ ያነሳል። ስለዚህ ጥራትን እንደ መግቢያ ፈተና ቁጠሩት። የእንስሳው ዓይን ከደበዘዘ ይውደቅ። ከጠራ ደግሞ ገና ገባ እንጂ አላሸነፈም።

ከዚያ ብርሃኑን እዩ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ እዚህ ሽቅብ ለመውጣት አትዘገይም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቅ ካለች በኋላ ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቆይም። ሦስት ሰዓት ሲሆን መክረር ይጀምራል። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የቀትር ጥላ ጥቁርና ስለታም ነው። ፎቶው ስንት ሰዓት እንደተነሳ ለማወቅ ፎቶ አንሺውን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ጥላውን እዩ። ጥላው ረዝሞ ወደ ጎን ከተኛ ጠዋት ወይም አመሻሽ ነው። ከእንስሳው ሆድ ስር ከተሰበሰበ ቀትር ነው። ጭላዳ ዓይኑ ጎድጎድ ያለ ነው፤ በቀትር ብርሃን ዓይኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ጉም ያለበት ቀን ግን ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። በጉም ቀን ስድስት ሰዓት ላይም ያምራል።

ቀጥሎ፣ ዓይናችሁ የት ያርፋል? ፎቶውን ስልካችሁ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሱት። አሁንም ምን እንደሆነ ከታወቀ አቀማመጡ ደህና ነው። ሁሉም ነገር ተደበላልቆ ቡናማ ከሆነ፣ ትልቅ አድርጋችሁ ብታሳትሙትም አይድንም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከኋላ ያለው ነገር ነው። ከጭላዳው ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል ቅርንጫፍ፣ ጥግ ላይ የገባ የመኪና መስታወት፣ የጠመመ አድማስ።

ሦስተኛው ቅጽበቱ ነው። ይህ ፎቶ ከአንድ ደቂቃ በፊት ወይም በኋላ ቢነሳ ያው ይሆን ነበር? ያው የሚሆን ከሆነ ነጥብ ቀንሱለት።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ቦታውን ይናገራል ወይ? ከስር የተጻፈውን መግለጫ በእጃችሁ ሸፍኑና እዩት። ሰሜን ሸዋ መሆኑን የሚያሳብቅ ነገር አለው? ወይስ ስዊዘርላንድም ኬንያም ሊሆን ይችላል? ግድግዳ ላይ ወር የቆየ ፎቶ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ስለ አንድ የተወሰነ ቦታ፣ ስለ አንድ የተወሰነ ሰዓት የሚያወራው ነገር ካለው ነው። ካልሆነ ከቀለም ቅብ አይለይም።

አምስተኛው እውነተኛነቱ ነው። ይህን ዓለምም አጥብቆ ይዞታል። የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው ዓመታዊ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ላይ የአጥር በር ሲዘል የተነሳ ተኩላ አሸንፎ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሽልማቱ ተሰርዟል። ዳኞቹ ተኩላው ለፎቶ የሚከራይ የለመደ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ ያሸነፈ ፎቶ ውስጥ ያለው ጉንዳን በል እንስሳ ቆዳው የተሞላ ሬሳ ሆኖ ተገኝቶ ተሰረዘ። እኛ አገር ይህን ያህል አይካሄድም፤ ግን ዳቦ ወርውሮ ጭላዳ መሰብሰብ አለ። ድንጋይ ወርውሮ አሞራ ማስነሳትም አለ። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ደግሞ ነገ የሰው እጅ ሲነጥቅ ይውላል። እና ፎቶ አንሺውን በጨዋ ደንብ ጠይቁት፦ "እንዴት አገኘኸው?" በደንብ ያነሳው ሰው ይህን ጥያቄ ይወደዋል። ታሪኩን ሳትጠይቁት ይቀጥልላችኋል።

ቀለሙን መፈተሽም እዚሁ ይገባል። ኤዲት ማድረግ ነውር አይደለም፤ ሁሉም ያደርገዋል። ሲበዛ ግን ይታወቃል። ፎቶው ውስጥ በግ ካለ ጸጉሩን እዩ። ነጩ በግ ወደ ሰማያዊ ካደላ ተነካክቷል። የጓሳ ሣር በደረቁ ወራት ወርቅማና ግራጫ ነው። እንደ ኳስ ሜዳ ፕላስቲክ ከለመለመ ውሸት ነው።

የመጨረሻው መለኪያ የፋይሉ መጠን ነው፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ በቁጥር እመለስበታለሁ።

አንድ፦ የቅርብ የፊት ፎቶ

ገበያው ላይ ቀድሞ የሚሸጠው ይህ ነው። የወንድ ጭላዳ ፊት፣ ጋማው በነፋስ ተበትኖ፣ ዓይኑ ካሜራው ላይ። መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል። እንግዳ መቀበያ ላይ ከተሰቀለ የገባው ሰው ሁሉ ይቆማል።

ድክመቱ አራተኛው መለኪያ ላይ ነው። ጭላዳ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ኬንያ ነው አይባልም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ፊቱ ብቻ ሲሆን ከስሜን ተራሮች ይምጣ ከጓሳ አይለይም። ከኋላው ደብዛዛ አረንጓዴ ብቻ ካለ የመታወቂያ ፎቶ ሆነ ማለት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩት አዲስ ነገር አይሰጥም።

የዚህን ዓይነት ስትመርጡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ። ያ ቀይ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሴቶችን የያዘ አውራ ወንድ ደረቱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይቀላል፤ ሌሎቹ ወንዶች ማዕረጉን ከዚያ ያነባሉ። ፎቶ አንሺው ቀዩን በኮምፒውተር ሲያደምቀው የእንስሳውን ማዕረግ ቀየረው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱን የሚያሳየውን ፎቶ "የሚስቅ ጭላዳ" እያሉ ይሸጡታል። ሳቅ አይደለም። በመንጋው መካከል ውጥረት ሲኖር የሚያሳየው ምልክት ነው። ፎቶው በራሱ ግሩም ሊሆን ይችላል፤ መግለጫው ግን ይስተካከል። የሚያውቅ ቱሪስት መጥቶ ሲያነበው ሎጁን ይታዘባል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ብርቅ የሆነ እንስሳ ሁሉ ጥሩ ፎቶ አይሆንም። አንኮበር ገደል አካባቢ የምትገኝ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጸች፣ ስሟም በአንኮበር የተጠራ ትንሽ ወፍ አለች። ከሌላ አገር ወፍ ለማየት ብቻ የሚመጡ ሰዎች እሷን ፍለጋ ገደል ለገደል ይንከራተታሉ። ግን ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ድንቢጥ የምታህል ናት። የእሷ የቅርብ ፎቶ ለወፍ ተመልካቾች ብሮሹር ወርቅ ነው። ካፌ ውስጥ ከሰቀላችሁት ግን "ይቺ ድንቢጥ ምንድን ናት?" ከሚል ጥያቄ አታመልጡም።

ሁለት፦ ሰፊ የመልክዓ ምድር ፎቶ

ጣርማ በር፣ የጓሳ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ የጀማ ሸለቆ፣ አንኮበር። በዚህ በኩል ሰሜን ሸዋ ሀብታም ነው። ደጋው በምሥራቅ በኩል በድንገት ይቆረጣል፤ ከስር ይፋትና የአፋር ቆላ ይዘረጋል። ከቆላ የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጠዋት ጠርዙ ላይ የቆመ ሰው ጉሙን ከእግሩ በታች ያየዋል። ይህን የያዘ ፎቶ መግለጫው ቢሸፈን እንኳ መንገዱን የሚያውቅ ሰው "ይሄማ ጣርማ በር ነው" ይላል።

ሰፊ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ሲታተም ያምራል። ረጅም ግድግዳ ካላችሁ ሌላው ዓይነት አይወዳደረውም። ስልክ ላይ ግን ይሞታል። ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ሸለቆ የጣት ቁመት ሲሆን ገደሉ ጠፍቶ ግራጫ መስመር ይቀራል።

ሲመረጥ ወሳኙ ነገር መጠንን የሚያሳይ አንዳች ነገር መኖሩ ነው። አንድ ጎጆ፣ አንድ እረኛ፣ አንድ የጽድ ዛፍ፣ የመንገድ ጥምዝ። ያለዚያ ተመልካቹ ገደሉ መቶ ሜትር ይሁን ሺህ ሜትር አያውቅም። እና የቅርቡ መሬት ባዶ እንዳይሆን እዩ። የጓሳ ሣር ቁጥቋጦ፣ ውርጭ ያረፈበት ድንጋይ፣ የገብስ ማሳ ጫፍ ከፊት ካለ ዓይን ከዚያ ተነስቶ ወደ ሩቁ ይሄዳል።

የጀማ ሸለቆ ፎቶ ላይ ደግሞ ሰዓቱን በጥብቅ እዩ። ወንዙ ወደ ዓባይ የሚገባ ሆኖ በጣም ጠልቆ ነው የሚሄደው። በቀትር የተነሳ የሸለቆ ፎቶ ጠፍጣፋና አቧራማ ነው። ያው ቦታ አመሻሽ ላይ፣ አንዱ ግድግዳ በርቶ ሌላው ጥላ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ይወጣል።

ከላይ በድሮን የተነሳ ካቀረቡላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ፈቃድ ይሁን። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም። ጣጣው አሳታሚውን ጭምር ሊነካ ይችላል። ገደል ላይ ጎጆ የሠራ አሞራንም ያስበረግጋል።

ሦስት፦ እንስሳው በአገሩ

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ። እንስሳው ትንሽ ይሆናል፣ የፎቶውን አንድ አምስተኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቀሪው ቦታው ነው። ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ የጭላዳ ቤተሰብ፣ ከኋላቸው ጉም። ወይም ሣር ውስጥ ተደብቆ ጆሮው ብቻ የሚታይ ቀይ ቀበሮ።

ለምን ይሻላል? ምክንያቱም እንስሳው ለምን እዚያ እንደሚኖር ያሳያል። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች መካከል በዋናነት በሣር የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ማታ ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ሣሩና ገደሉ በአንድ ፎቶ ውስጥ ከገቡ የእንስሳው ሙሉ ቀን ገባ ማለት ነው። ፊቱን ብቻ ያነሳው ሰው ይህን ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል።

ጓሳ ላይ ደግሞ ሣሩ ራሱ ታሪክ አለው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ቦታ እስከ ዛሬ የቆየው የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ስለጠበቀው ነው። ይዘጋል፣ ይጠበቃል፣ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል። ጣራ ይከደንበታል። በፎቶው ውስጥ ረጅሙን የጓሳ ሣር ስታዩ የሰው እጅም አለበት። ሎጅ ያለው ሰው ለእንግዳው የሚያወራው ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ የምፈልገው አንድ ፎቶ አለ፤ ካቀረቡላችሁ አትለፉት። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲሄድ። ሌላ ቦታ ዝንጀሮ አዳኝ ሲያይ ይጮሃል፣ ይበተናል። ጓሳ ላይ ግን ጭላዳዎቹ ቀና ሳይሉ ሣራቸውን ይነጫሉ። ቀበሮው ብዙ ጊዜ የጭላዳ ግልገል አይነካም፤ የሚያድነው አይጥ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮዎቹ በመንጋው መካከል ሆነው ሲያድኑ 67 በመቶ ይሳካላቸዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ 25 በመቶ ብቻ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ይህን ፎቶ ፎከሱ ትንሽ ቢለሰልስም እኔ እወስደዋለሁ። ብርሃኑ ምርጥ ባይሆንም። የሚያሳየው ነገር ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ድክመቱን አልደብቅም። ይህ ዓይነት ፎቶ መጀመሪያ ሲታይ አይጮህም። ደንበኛው ሰላሳ ፎቶ በፍጥነት ሲያገላብጥ ያልፈዋል። ዝም ብሎ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። አነስ ብሎ ከታተመም እንስሳው ይጠፋል፤ ከኤ3 በታች አላሳትመውም።

አራት፦ የድርጊት ፎቶ

ሁለት ወንድ ጭላዳዎች ሲጣሉ። ቀበሮ አይጥ ላይ ሲዘል። ጢማሙ አሞራ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ሲለቀው። ይህ አሞራ ክንፉ ሲዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አጥንቱን ሰብሮ መቅኒውን መብላት ኑሮው ነው። አጥንቱ ከእግሩ ሲለቀቅ የያዘ ሰው ዕድልም ትዕግሥትም ነበረው።

ቅጽበት የሚለው መለኪያ ላይ ይህ አንደኛ ነው። ዋጋውም እንደዚያው። ረጅም ሌንስ ይጠይቃል፤ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነትም ቢያንስ የሰከንድ አንድ ሺህኛ መሆን አለበት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀናት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠራ "አንዴ ክሊክ ላደረግክበት?" አትበሉት።

ግን ግርግር ሁሉ ድርጊት አይደለም። አቧራ፣ የተበተነ ጸጉር፣ ጀርባ ብቻ። ፊት ወይም ዓይን ካልታየ፣ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ካልለየ፣ አይረባም። በሌላ በኩል ጸጥ ያለ ድርጊትም አለ። አንዷ ጭላዳ የሌላዋን ጸጉር ስትበጥር የተነሳች ፎቶ ከጠቡ በላይ ስለ መንጋው ታስረዳለች፤ ሳሎን ውስጥም ከጥርስ ጋር አብሮ ከመኖር ይሻላል።

አምስት፦ የዝርዝር ፎቶ

ውርጭ የያዘው የጅብራ ቅጠል፣ የአሽንዳ አበባ፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ የዝግባ ግንድ ላይ የበቀለ ሽበት፣ የኮሶ ቅርፊት። ርካሽ ነው፣ በስልክም ይነሳል፣ ከማንኛውም ግድግዳ ጋር ይስማማል። ለመኝታ ክፍልና ለመታጠቢያ ቤት ኮሪደር ከዚህ የሚሻል የለም። ብቻውን ሆኖ ቦታን አይናገርም፤ ሦስት አራት ሆኖ ጎን ለጎን ሲሰቀል ግን ይናገራል። የሚያብብ ጅብራ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምሩበት። ተክሉ ዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው፤ ከዚያ ይደርቃል።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| የፎቶ ዓይነት | የሚያይልበት | የሚደክምበት | በምን ይነሳል | አንጻራዊ ዋጋ | የሚስማማው ለ |
|---|---|---|---|---|---|
| የቅርብ ፊት | ፈጥኖ ዓይን ይይዛል | ቦታውን አይናገርም | ረጅም ሌንስ | መካከለኛ | እንግዳ መቀበያ፣ ማህበራዊ ሚዲያ |
| ሰፊ መልክዓ ምድር | ቦታውን ይናገራል፣ ትልቅ ሲሆን ያምራል | ስልክ ላይ ይጠፋል | ስልክ ወይም ማንኛውም ካሜራ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ረጅም ግድግዳ፣ አዳራሽ |
| እንስሳው በአገሩ | ታሪክ አለው፣ አይሰለችም | መጀመሪያ ላይ አይጮህም | መካከለኛ ወይም ረጅም ሌንስ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ሎጅ፣ ሳሎን፣ ቢሮ |
| ድርጊት | ቅጽበቱ አይደገምም | ብዙው ግርግር ብቻ ነው | ረጅም ሌንስና ትዕግሥት | ከፍተኛ | ብሮሹር፣ መጽሔት ሽፋን |
| ዝርዝር | ርካሽ፣ የትም ይስማማል | ብቻውን ቦታ አይናገርም | ስልክ ይበቃል | ዝቅተኛ | መኝታ ክፍል፣ ኮሪደር፣ ስጦታ |

ለየትኛው ፍላጎት የትኛው?

ሎጅ ወይም ሆቴል ከሆናችሁ አንድ ትልቅ የ"እንስሳው በአገሩ" ፎቶ ምግብ ቤቱ ውስጥ ስቀሉ። እንግዳ ምግብ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። ክፍሎቹን በዝርዝር ፎቶ ሙሉ። የቅርብ ፊቱን ለፌስቡክ ገጻችሁ አስቀሩት። በነገራችን ላይ ሎጃችሁ መንዝ ሆኖ የስሜንን ፎቶ መስቀል ደንበኛን ማታለል ነው። እንግዳው በማግሥቱ ወጥቶ ሲያይ ይገባዋል።

ካፌ ከሆነ ሰፊ መልክዓ ምድር ይሁን። ሰው ቡናውን እየጠጣ ሩቅ ማየት ይወዳል። የሚያገጥጥ ዝንጀሮ ፊት ለፊቱ አድርጎ ማኪያቶ መጠጣት ለሁሉም አይመችም።

ካላንደር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ፎቶ ምን ያህል ጥሩ ነው ከሚለው ይልቅ ወሩን ይመስላል ወይ የሚለው ይቀድማል። መስከረም ላይ አደይ፣ ኅዳር ላይ የደረሰ ገብስ፣ ታኅሣሥ ላይ የጠዋት ውርጭ፣ ሐምሌ ላይ ጉም። ሐምሌ ላይ የደረቀ ሣር ያለበት ካላንደር ብዙ አይቻለሁ፤ ያሳተመው ሰው ከመስኮት ውጭ አላየም። ጷግሜንም ከነሐሴ ገጽ ጥግ ላይ ከመለጠፍ ለእሷም አንድ የዝርዝር ፎቶ ስጧት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ብትሆንም አሥራ ሦስተኛ ወር ናት።

ለብሮሹር ድርጊትና የቅርብ ፊት ያስፈልጋሉ፤ ገጹ ትንሽ ነው፣ አንባቢው ይቸኩላል። ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን ቀበሮውና ጭላዳው አብረው ያሉበትን ፈልጉ። መምህሩ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምርበታል።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ አምስት መናኛ ፎቶ ከማሳተም አንድ ጥሩ አሳትሙ። አካባቢያችሁ ያለ፣ በስልኩ ጉም የሚያሳድድ ወጣት አይጠፋም። ሰፊ ወይም የዝርዝር ፎቶ ከእሱ ግዙ፣ በኤ3 አሳትሙ፣ የተረፈውን ፍሬሙ ላይ አውሉ። መካከለኛ በጀት ካላችሁ አንድ "እንስሳው በአገሩ" እና ሁለት ዝርዝር። በጀቱ ሰፊ ከሆነ ያለቀ ፎቶ ከመግዛት ፎቶ አንሺውን ለጥቂት ቀን ጓሳ ላኩት፤ የአካባቢው አስጎብኚ አብሮት ይሂድ። ቀበሮው የት እንደሚውል የሚያውቀው እሱ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

አሁን ወደ ፋይሉ። ለቅርብ እይታ የሚታተም ፎቶ በኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል። 30 በ40 ሴንቲሜትር ለማሳተም 3,543 በ4,724 ፒክስል ያስፈልጋል፤ 17 ሜጋፒክስል ገደማ ማለት ነው። ከሁለት ሦስት ሜትር ርቀት የሚታይ ትልቅ ፎቶ ግን በኢንች 150 ይበቃዋል። በዚህ ስሌት 60 በ90 ሴንቲሜትር በ19 ሜጋፒክስል ይወጣል። ስልኩ ላይ 50 ሜጋፒክስል ተብሎ ቢጻፍም ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው 12 ነው፤ እሱም ለ25 በ34 ሴንቲሜትር ጥሩ ነው።

ቴሌግራም ላይ የተላከ ፎቶ በቀጥታ እንዳታሳትሙ። በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ይወርዳል። ያ በጥሩ ጥራት 11 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። "በፋይል ላክልኝ" በሉ፣ ወይም በፍላሽ ተቀበሉ። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሙሉ በሙሉ አጉልታችሁ የእንስሳውን ዓይን እዩ። ዙም ተደርጎ የተቆረጠ ከሆነ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ለግድግዳ የገዛችሁት ፎቶ ለካላንደር ወይም ለማስታወቂያ ይሆናል ማለት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶ የቅጂ መብት ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። ምን ላይ፣ ለስንት ጊዜ፣ ስንት ኮፒ የሚለውን ጻፉ። የፎቶ አንሺው ስምም ከስር ይግባ።

ህትመቱን ከማዘዛችሁ በፊት ማተሚያ ቤቱ አንድ ትንሽ ናሙና ያውጣላችሁ። የስልክ ስክሪን ከወረቀት ይልቅ ብሩህ ስለሆነ የጉም ፎቶ ሲታተም ብዙ ጊዜ ይጨልማል። ናሙናውን የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ይዛችሁ ጠዋትም ማታም እዩት። ግድግዳው ከመስኮት ትይዩ ከሆነ መስታወት ያለው ፍሬም ይቅርባችሁ፤ የማያብረቀርቅ ወረቀት ወይም ካንቫስ እዘዙ።